ለሳሎንና ለጌም የሚሆን ቲቪ አመራረጥ፦ ኤልኢዲ፣ ኪውኤልኢዲ፣ ሚኒ ኤልኢዲ ወይስ ኦኤልኢዲ?

ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ሳሎንዎን ይመልከቱ። ቲቪው ቀን መጋረጃ ተከፍቶ ነው የሚታየው ወይስ ማታ መብራት ተቀንሶ? ሲከፈት የሚውለው ዜና ላይ ነው፣ ኳስ ላይ ወይስ ጌም ላይ? ምርጫውን የሚወስኑት እነዚህ ናቸው። ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል።

ኪውኤልኢዲና ኦኤልኢዲ የሚመሳሰሉት በስም ብቻ ነው። ተራው ኤልኢዲም ኪውኤልኢዲም ኤልሲዲ ናቸው፦ ከጀርባ መብራት ይበራል፣ ፊት ያለው ፓነል ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ይጋርዳል። ኪውኤልኢዲ ላይ ቀለም የሚያደምቅ ኳንተም ዶት የሚባል ሽፋን ተጨምሯል፤ ጥቁሩን ግን አያጠቁረውም። ሚኒ ኤልኢዲ የጀርባውን መብራት በብዙ ክፍል ከፍሎ ጨለማው ቦታ ላይ ብቻ ይቀንሰዋል። ኦኤልኢዲ የጀርባ መብራት የለውም፤ እያንዳንዱ ፒክስል ራሱ ይበራል፣ ራሱ ይጠፋል።

ሱቅ ውስጥ የሚያዩት ደማቅ ምስል ለማሳያ የተስተካከለ ስለሆነ አይመኑት። በፍላሽ ዲስክ ሁለት ፎቶ ይዘው ሄደው ቲቪው ላይ ይክፈቱ፦ አንዱ ሙሉ ግራጫ፣ ሌላው ጥቁር ሆኖ መሃሉ ላይ ትንሽ ነጭ ጽሑፍ ያለበት። ግራጫው ላይ ጥላ ወይም ሰንበር ከታየ ኳስ ሲያዩ ሜዳው ላይ ያንኑ ያገኙታል። ጥቁሩ ላይ በጽሑፉ ዙሪያ ብርሃን ከተበተነ የጀርባው መብራት የተከፈለባቸው ክፍሎች ቁጥራቸው ጥቂት ነው ማለት ነው። ከዚያ ወደ ጎን ቆመው ይዩ። ኤልሲዲው ከፊት ጥቁሩ ጥሩ ሆኖ ከጎን ቀለሙ ከደበዘዘ ፓነሉ ቪኤ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከጎን ጥሩ ሆኖ ጥቁሩ ግራጫ ከመሰለ አይፒኤስ የሚባለው ነው። ሶፋው ግድግዳውን ዞሮ ለተቀመጠበት ቤት አይፒኤስ ይሻላል፤ ማታ ፊልም ለሚያይ ቪኤ።

ለጌም ዋናው ፍጥነት ነው። ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 4ኬ ምስል በሰከንድ እስከ 120 ጊዜ ማውጣት ይችላሉ። ይህን ለማግኘት ፓነሉ ራሱ 120 ሄርዝ፣ መሰኪያውም ኤችዲኤምአይ 2.1 መሆን አለበት። «ሞሽን ሬት 120» የሚል ጽሑፍ ማስረጃ አይሆንም፤ ፓነሉ 60 ሄርዝ ሊሆን ይችላል። ብዙ ቲቪ ላይ 120 የሚቀበለው አንድ ወይም ሁለት መሰኪያ ብቻ ስለሆነ ከጎኑ የተጻፈውን ያንብቡ። ቀጥሎ፦

1. ከኮንሶሉ ጋር በመጣው ገመድ ያገናኙ። ምስሉ ለሰከንድ ጠፍቶ ከተመለሰ መጀመሪያ ገመዱን ይጠርጥሩ።
2. በቲቪው ሜኑ የዚያን መሰኪያ ሙሉ ሲግናል ይክፈቱ። ይህ ከተረሳ ኮንሶሉ 60 ላይ ይቀራል።
3. ጌም ሞድ ያብሩ። ካልበራ ቲቪው ምስሉን ሲያሳምር ጊዜ ይወስዳል፤ ቁልፉን ተጭነው ተጫዋቹ ዘግይቶ ይመታል።
4. የጌሙ ጨለማ ቦታ ላይ ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ ቪአርአርን (የቲቪውን ፍጥነት ከጌሙ ፍጥነት ጋር የሚያስማማውን) ለዚያ ጌም ያጥፉት።

ኦኤልኢዲ በምስልም በፍጥነትም ይበልጣል፤ ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ጣቢያ ተከፍቶ ለሚውልበት ቤት አንመክረውም። የማይንቀሳቀስ ሎጎና የዜና መስመር ከጊዜ ብዛት እስክሪኑ ላይ አሻራ ይተዋል። ይህን የሚያርመው ማስተካከያ የሚሠራው ቲቪው በሪሞት ከጠፋ በኋላ፣ መብራት እንዳለው ነው። እኛ ጋ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዳያቃጥል ብሎ ወዲያው ከሶኬት መንቀል የተለመደ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ማስተካከያው ጨርሶ አይሠራም። በሪሞት ያጥፉ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆዩ፣ ከዚያ ይንቀሉ። ብርሃን ለሚበዛበትና ዜና ለሚውልበት ሳሎን ሚኒ ኤልኢዲ ይግዙ።

ከአሜሪካ ለሚመጣ ቲቪ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አስቀድመው በፎቶ ያስልኩ። 100-240 ቮልት ካለ በኛ 220 ይሠራል። 120 ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር ከሰኩት ይቃጠላል።