ሦስት ሳምንት የቆመብኝን ጽሑፍ እንዴት እንዳስነሳሁት

ችግሩ ይህ ነበር። አጭር ልብወለድ ልጽፍ ላፕቶፕ እከፍታለሁ፣ ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ አጠፋዋለሁ። 3 ሳምንት እንዲሁ አለፈ።

መጀመሪያ ቦታው ነው ብዬ እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ አንድ ካፌ ገባሁ። ማኪያቶ ጠጥቼ፣ ሰው አይቼ ተመለስኩ። ቀጥሎ ሌሊት ሞከርኩ፤ ትርፉ በማግስቱ ሥራ ላይ ማንቀላፋት ሆነ። የማነቃቂያ ቪዲዮማ አይነሳ! አንዱ ሲያልቅ የሚያስከፍተው ሌላ ቪዲዮ ነው።

በመጨረሻ ስልኬን ቤት ትቼ፣ ባለ 50 ሉክ ደብተርና እስክሪፕቶ ይዤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድኩ። በእስክሪፕቶ የጻፉት እንደ ላፕቶፕ በአንድ ቁልፍ አይጠፋም። ታሪክ ልፍጠር አላልኩም፤ ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ። አንድ ልጅ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይሰነጥቃል። ቅርፊቱ ክንዱ ላይ ተለጥፎ እንደ ሳንቲም ያበራል። ከጀርባው አንድ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ አንገቱን ቀብሮ፣ ዕዳ ሊቀበል እንደመጣ ሰው ቆሟል። ልጁ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው የዓሣውን አንጀት ወረወረለት።

በእጅ ሰዓቴ 20 ደቂቃ ሲሞላ ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ደብተሩን ዘጋሁ። ይህቺን እንዳትዘሏት። በማግስቱ ‘ከየት ልጀምር?’ የሚባል ጣጣ የለም፣ የተንጠለጠለውን መቀጠል ነው።

በ6ኛው ቀን አባ ኮዳው ሰው ሆነ፤ የምር ዕዳ ተቀባይ። ታሪኩ አሁን 9 ገጽ ደርሷል። ላፕቶፑን የምከፍተው ለመተየብ ብቻ ነው። ደብተሩ ግን ትንሽ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።