ወባን ስንታከም የምንሠራቸው ስህተቶች

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ቆላው ላይ ወባ ይነሳል። እስከ ታኅሣሥ ድረስ ፋታ አይሰጥም። በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛው ወባ በሦስት ቀን ክኒን የሚድን በሽታ ነው። መድኃኒቱ ቅርብ ሆኖ ሳለ ሰዓት ባክኖ የሚሞት ሰው መኖሩ ነው የሚያንገበግበኝ። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች ይለያዩ እንጂ ሁሉም ወባን ለሚያመጣው ተህዋስ ጊዜ ይሰጡታል።

«ምች ነው፣ ያልፋል»

ራስ ምታትና ትኩሳት ሲጀምር ቀድሞ የሚታሰበው ምች ነው። ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጋቢ ተደርቦ ይተኛል፣ ላብ ያሰምጣል፣ ጠዋት ቀለል ይላል። ችግሩ ወባም እንዲሁ ቀለል ማለቱ ነው። መጀመሪያ ብርድ ብርድ ይላል፣ ከዚያ ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል፣ በመጨረሻ ላብ በላብ አድርጎ ይለቃል። ሰውየው «ተሻለኝ» ብሎ ማሳው ይወርዳል። ተህዋሱ ግን አልሞተም። ትኩሳቱ የሚነሳው ተህዋሱ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ተራብቶ ሴሉን አፈንድቶ ሲወጣ ነው። ሲለቅ ደግሞ ሌላ ሴል ውስጥ ገብቶ እንደገና እየተራባ ነው።

ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት ከሆነ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ወደ ከባድ ወባ ሊለወጥ ይችላል። እኛ ጋ ደግሞ ወባ ዓመቱን ሙሉ እንደማይለቃቸው አንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ስላልሆነ፣ ጎልማሳውም ጠንካራ የመከላከል አቅም አላዳበረም። «እኔ ለምጄዋለሁ» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ነው። ዳማከሴውን የሚከለክል የለም፣ ምርመራውን ግን አይተካም።

የምርመራውን ውጤት በተሳሳተ መንገድ ማንበብ

ከጣት ጠብታ ደም ተወስዶ የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ትልቅ ነገር ነው፣ በተለይ ማይክሮስኮፕ በሌለበት ቦታ። ግን ሁለት ነገር ልብ ይበሉ።

አንደኛ፣ «የለብህም» ቢልም ትኩሳቱ ካልለቀቀ ተመልሰው ይሂዱ። ብዙዎቹ ፈጣን መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ፋልሲፓረም የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የማያመነጩ ፋልሲፓረሞች በኤርትራም በኢትዮጵያም ተገኝተዋል። እነሱ ምርመራውን ያመልጣሉ፣ ደሙ በማይክሮስኮፕ ከታየ ግን ይገኛሉ።

ሁለተኛ፣ ከዳኑም በኋላ ያ ፕሮቲን ደም ውስጥ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ታክመው፣ ተሽሎዎት፣ «ልጣራ» ብለው ቢመረመሩ አለብዎት ሊልዎት ይችላል። እሱን አይቶ መድኃኒቱን እንደገና መጀመር ልክ አይደለም። መዳንን ለማረጋገጥ የሚታየው በማይክሮስኮፕ ነው።

በዚሁ ላይ «ታይፎይድ» የሚለው ጣጣ አለ። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ቀደም ሲል በነበረ ሕመም፣ አንዳንዴም በወባው በራሱ ምክንያት አለ ሊል ይችላል። ቆላ ደርሶ የመጣ ሰው በዊዳል ብቻ ታይፎይድ ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ቢሰጠው፣ «የወባውስ?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም። አንቲባዮቲክ የታይፎይድን ባክቴሪያ ይገድላል፣ ታይፎይድ ተብሎ የተሰጠው ክኒን ወባን አያድንም።

ኮአርተምን እንደፈለጉ መዋጥ

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፣ ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነውና።

ኮአርተም ኢትዮጵያ ውስጥ ለፋልሲፓረም የመጀመሪያ ተመራጭ መድኃኒት የሆነው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከሱ በፊት የነበረው ፋንሲዳር ተህዋሱ ስለለመደው። ክብደቱ 35 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በአንድ ጊዜ 4፣ በሦስት ቀን 6 ጊዜ፣ በድምሩ 24 ክኒን ይወስዳል። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከዋጡ፣ ሁለተኛው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ይህን ነው ብዙ ሰው ተኝቶ የሚያልፈው። ስልክ ላይ ማንቂያ ሞልቶ መነሳት ነው፣ ሌላ መላ የለውም። ከዚያ በኋላ ያሉት አራቱ ዙሮች ለሁለት ቀን ጠዋትና ማታ ናቸው።

በባዶ ሆድ መዋጥ ሌላው ጥፋት ነው። ከመድኃኒቱ ሁለት ንጥረ ነገሮች አንዱ ሉሜፋንትሪን ይባላል፤ ከደም ጋር የሚዋሃደው ቅባት ሲያገኝ ነው። በጤነኛ ሰዎች ላይ ሲሞከር፣ ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ደም ውስጥ የሚገባው መጠን በባዶ ሆድ ከሚገባው እስከ 16 እጥፍ ደርሷል። ስለዚህ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ ያለው ምግብ ጥሩ ነው። ጾም ከሆነ ደግሞ ዘይት በዛ ያለበት ሹሮ፣ የለውዝ ቅቤ፣ ተልባ ወይም አቮካዶ ይሆናል። ሕመምተኛ ምግብ አስጠልቶት ጥቂት ቢቀምስም ከምንም ይሻላል። ከዋጠ በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰው፣ ያንን ዙር ይድገመው።

ሦስተኛው፣ ሲሻል ማቆም ነው። ሌላኛው ንጥረ ነገር፣ ከአርቴሚሲኒን የተሠራው አርቴሜተር፣ ፈጣን ነው፣ ብዙ ጊዜ ትኩሳቱን በአንድ ሁለት ቀን ያወርዳል። የተረፈውን ጠራርጎ የሚያወጣው ቀስ ብሎ የሚሠራው ሉሜፋንትሪን ነው፣ ለሱ ደግሞ ስድስቱም ዙር ያስፈልጋል። ግማሹን ውጦ ግማሹን «ለሚቀጥለው» ተብሎ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ፣ ወይም የአንዱን ልጅ መድኃኒት ለሁለት ማካፈል፣ ሁለቱንም ሳይታከሙ ማስቀረት ነው። ለአርቴሚሲኒን መላመድን የሚያሳይ የተህዋሱ ለውጥ አሁን በእኛም አካባቢ መታየቱ ተረጋግጧል። ፋንሲዳርን እንዳጣነው ይህንንም ማጣት አንችልም።

«ወባዬ ተነሳብኝ» ብሎ መኖር

ሌላው ዓይነት ቫይቫክስ ነው። እሱ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይተኛል፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያለ አዲስ የትንኝ ንክሻ ይነሳል። ክሎሮኪን ደም ውስጥ ያለውን ያጠፋል፣ ጉበት ውስጥ ያለውን ግን አይነካም። የተደበቀውን የሚያጠፋው ፕሪማኪን ነው፣ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን ይሰጣል። ትኩሳት በሌለበት ሁለት ሳምንት ክኒን መዋጥ እንደሚሰለች ይገባኛል። ቢሆንም በየዓመቱ ከመንቀጥቀጥ ይሻላል።

ፕሪማኪን ለነፍሰ ጡርና ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን አይሰጥም። በተፈጥሮ የአንድ ኢንዛይም ጉድለት ያለባቸውን ሰዎች ቀይ የደም ሴል ሊያፈርስም ይችላል። ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ክኒኑን አቁሞ ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

በቆሎውን መክሰስ

በቆሎ እሸትና አገዳ በሚበላበት ወቅት ወባ ስለሚበዛ፣ ብዙ ሰው ምክንያቱ አገዳው ይመስለዋል። ወባ የሚተላለፈው በሴት ትንኝ ንክሻ ነው። የሚገርመው ግን በቆሎ እጁ አለበት። ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ የበቆሎ አበባ ብናኝ ኩሬ ላይ ሲረግፍ የትንኟን እጭ ይመግባል። ስለዚህ እሸቱን ይብሉ፣ ማታ ግን አጎበር ውስጥ ይግቡ። አጎበሩ ለአልጋ እንጂ እህል ማስጫ አይደለም። ሲታጠብም ጥላ ላይ ይድረቅ፣ ፀሐይ መድኃኒቱን ይጎዳዋል።

«ከተማ ወባ የለም»

አዲስ አበባ ከፍታዋ ይጠብቃታል። ድሬዳዋ ግን አይጠብቃትም። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የሚባለው የእስያ ትንኝ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሀር ላይ ከተገኘ ወዲህ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፍቷል፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው ወረርሽኝም ምክንያት ሆኗል። እሱ ረግረግ አይፈልግም። ክዳን የሌለው በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውኃ ጉድጓድ ይበቃዋል። ውኃ ስለሚጠፋ ማጠራቀም ግድ ከሆነ፣ ክዳኑ ግጥም ይበል።

ክኒን የማይበቃበትን ሰው ቤት ማቆየት

እንደሚጥል በሽታ የሚያንፈራግጠው፣ የሚዘላብደው ወይም የማይነቃ፣ መጠጣት ያቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው በአፍ ክኒን አይጠበቅም። በመርፌ የሚሰጥ አርቴሱኔት ያስፈልገዋል፣ ዛሬውኑ። ሕፃንና ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ምልክቱ እስኪከፋ መጠበቅ የለም።

ከውጭ መጥቶ መመለስ

ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የሚኖር ሰው ቤተሰብ ሊጠይቅ አርባ ምንጭ ወይም ሁመራ ይወርዳል። «ተወልጄ ያደግኩበት ነው» ብሎ መከላከያ ክኒን አይወስድም። ሰውነቱ የነበረው መጠነኛ የመከላከል አቅም ግን በዓመታት ይጠፋል። ከጉዞ በፊት ሐኪም ማማከር፣ ተመልሰው ትኩሳት ከጀመረ ደግሞ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ኢትዮጵያ ነበርኩ፣ ወባ ይመርመርልኝ» ይሁን። እዚያ ያለው ሐኪም ጉንፋን ሊመስለው ይችላል። ቫይቫክስ ደግሞ ከወራት በኋላ ሊነሳ ስለሚችል፣ ከተጓዙ ወራት ቢያልፉም ይናገሩ።