በሮልፕሌይ ከተማ የፖሊስ መምሪያ ለሚመራ ሰው

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ጌም ቤቶች ወደ አንዱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጎራ ያለ ሰው፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ «ማዕከል፣ አራት ነኝ፤ ሥራ ገብቻለሁ» የሚል ወጣት ቢያጋጥመው ሊገረም ይችላል። ወጣቱ ሥራ የገባው ሎስ ሳንቶስ በምትባል የጨዋታ ከተማ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የጂቲኤ 5 የቪዲዮ ጨዋታ ከተማ ስትሆን፣ ፋይቭኤም የተባለው ማሟያ ደግሞ ተጫዋቾች በኮምፒውተር የራሳቸውን ሰርቨር፣ ማለትም በኢንተርኔት አብረው የሚጫወቱበትን ቦታ፣ ከፍተውና የራሳቸውን ሕግ አውጥተው እንዲኖሩባት ያስችላል። በሮልፕሌይ ሰርቨር ላይ የሚጨረስ ደረጃ የለም፤ አንዱ መካኒክ፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ዘራፊ፣ አንዱ ፖሊስ ሆኖ የያዘውን ገጸ ባሕርይ ይኖራል። ይህን የምጽፈው ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከወልድያ የሚገቡ ልጆች የነበሩበትን አንድ የፖሊስ መምሪያ ስመራ ከሠራኋቸው ስሕተቶች ተነሥቼ፣ ተመሳሳይ ሹመት ለደረሰው ሰው ነው።

አዛዡ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ነገር፣ በሥሩ ያሉት ሰዎች ደመወዝ የማይበሉ መሆናቸው ነው። እውነተኛ ፖሊስ አለቃው ቢቆጣውም በማግሥቱ ተራው ላይ ይገኛል፤ እዚህ ግን ቅር የተሰኘ ልጅ ጨዋታውን ዘግቶ ኳስ ሊያይ ይሄዳል፣ አይመለስምም። ዘራፊውም እንደዚሁ ነው፤ ያለ አግባብ የታሰረ ተጫዋች ይግባኝ ከማለት ይልቅ ሰርቨር ይቀይራል፤ ዘራፊ የሌለበት ከተማ ውስጥ ደግሞ 15 ፖሊስ በባዶ ጎዳና ሲዞር ያመሻል። ስለዚህ የምልመላው ጥያቄ «ተኩስ ትችላለህ?» መሆን የለበትም። እኔ አመልካቹን የምጠይቀው፣ ያሳደደው ሰው ቢያመልጠው በሬዲዮ ምን እንደሚል ነበር። «አመለጠን፤ የመኪናውን መልክ መዝግቡልኝ» ያለ ተቀጠረ፤ «አያመልጠኝም» ያለ ግን ለተወሰነ ጊዜ ትራፊክ ላይ እንዲቆይ ተደረገ።

ማዕረግን በተመለከተ አብዛኞቹ ሰርቨሮች የአሜሪካውን መሰላል እንዳለ ይገለብጣሉ። በአማርኛ ለሚነጋገር መምሪያ ግን ኮንስታብል፣ ሳጅን፣ ኢንስፔክተርና ኮማንደር የሚሉት ለጆሮ የቀረቡ ስለሆኑ እነርሱን መጠቀም ይሻላል፤ 20 ሰው ላለው መምሪያም እነዚህ አራቱ ይበቃሉ። የእኛ አገር ፖሊስ «ረዳት»፣ «ምክትል» እና «ዋና» እያለ የሚከፋፍላቸውን ደረጃዎች በሙሉ ማስገባት፣ ሁሉም ሰው አዛዥ ሆኖ የሚታዘዝ የሚጠፋበት መምሪያ ይፈጥራል።

ከማዕረጉ ይልቅ እኔን ያስቸገረኝ አጠራሩ ነበር። የ22 ዓመት ልጅ ኮማንደር፣ በኑሮው መምህርና የልጆች አባት የሆነ ሰው ደግሞ ኮንስታብል ሲሆን ምን ተብሎ ይጠራል? መጀመሪያ ላይ ልጁ በሬዲዮ «ጋሼ፣ እባክዎ ወደ ባንኩ ቢጠጉ» ይል ነበር፤ ትእዛዙ ልመና ሆነ፣ ሌሎቹም ሳቁ። «አንተ፣ ወደ ባንኩ ሂድ» እንዲል ሲነገረው ደግሞ አፉ አልታዘዝ አለው፤ እውነትም ወሎ ያደገ ልጅ በአባቱ እኩያ ላይ «አንተ» ማለት ይከብደዋል። በመጨረሻ የተስማማነው፣ ማንኛውም ሰው ሥራ ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ በማዕረጉና በቁጥሩ እንዲጠራ፣ ሁሉም ሁሉንም «እርስዎ» እንዲል፣ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ «ጋሼ»ውም «አንተ»ውም ወደ ቦታው እንዲመለስ ነው። ያልጠበቅነው ጥቅምም ተገኘበት። ፖሊሱ ተጠርጣሪውን «እርስዎ፣ ከመኪናው ይውረዱ» ሲለው ዘራፊው ራሱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ በስድብ ይጀመር የነበረው ፍተሻም ወደ ጨዋታ ተለወጠ።

ሬዲዮው የመምሪያው ደም ሥር ስለሆነ አዛዡ ከመሣሪያና ከመኪና በፊት እርሱን ማስተካከል አለበት። አዲስ ፖሊስ ሁሉ «ቴን ፎር» ማለት ይወዳል። የ10 ቁጥር ኮዶች በአሜሪካ ፖሊስ ዘንድ የተለመዱት ከእ.ኤ.አ. 1930ዎቹ ጀምሮ ሲሆን፣ የዚያ ዘመን የሬዲዮ ማሰራጫ ሙሉ ኃይል ለማግኘት ጥቂት ጊዜ ይወስድበት ስለነበር፣ መጀመሪያ የሚነገረው «አሥር» ቢቆረጥም ዋናው ቁጥር እንዲሰማ ይረዳ ነበር። የእኛም መስመር ከዚያ ብዙ የሚሻል ስላልሆነ፣ ቁልፉን ተጭኖ ወዲያው የሚናገር ሰው የመጀመሪያ ቃሉ ይዋጣል። «ማዕከል» የሚለው ጥሪ የእኛ «አሥር» ነው፤ ቢቆረጥም ጉዳት የለውም። ኮዶቹን በተመለከተ 10-4 «ሰምቻለሁ»፣ 10-8 «ሥራ ላይ ነኝ»፣ 10-7 «ከሥራ ወጥቻለሁ»፣ 10-20 «ያለሁበት ቦታ» የሚሉት በቂ ናቸው። ኮዶቹ ከመምሪያ መምሪያ ትርጉማቸው ስለሚለያይ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ብዙ መሥሪያ ቤቶች በሚገናኙበት አደጋ ላይ በግልጽ ቋንቋ መነጋገርን መርጧል፤ ሐኪሞችና ፖሊሶች አንድ ሬዲዮ በሚጋሩበት ሰርቨርም ያው ነው።

የማሳደድ ጥሪ እንዴት መሆን እንዳለበት በቅርበት ማየት ይጠቅማል። መጥፎው ጥሪ «ኧረ እዚህ ነው! እየሄደ ነው! ያዙት!» የሚለው ነው፤ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ እንዲህ ሲጮኽ ማንም የት እንደሆነ አያውቅም። ጥሩው ጥሪ እንዲህ ይላል፦ «ማዕከል፣ አራት ነኝ። ቀይ ባለ ሁለት በር፣ ሁለት ሰው አለበት፣ ከሌጊዮን ስኩዌር ወደ ሚሽን ሮው፣ መንገዱ ጭር ያለ ነው።» ማን፣ ምን፣ ስንት፣ ወዴት፣ ከዚያ ዝም። ከኋላው ያለው ሁለተኛው መኪና ንግግሩን ይረከብና የፊተኛው መንዳት ብቻ ይቀረዋል። ማዕከል ላይ ተቀምጦ ሬዲዮውን የሚመራውን ሰው ስለ መምረጥ ደግሞ ከደሴ ሆኖ የሚጫወት ሁሉ የሚረዳው ብልሃት አለ። መስመሩ የሚንቀራፈፍበት ልጅ መኪና ሲነዳ በሌሎች ስክሪን ላይ መኪናው ከቦታ ቦታ ይዘላል፣ ሳያስበውም የዘራፊውን መኪና ይገለብጣል፤ ከዚያ ስሞታውን የሚሰማው አዛዡ ነው። ድምፁ ግን ብዙውን ጊዜ ደኅና ያልፋል። በዚያ ምሽት ፒንጉ (የመስመሩ መዘግየት) የከፋበትን ሰው ማዕከል ላይ ማስቀመጥ ማንንም ሳያዋርድ ችግሩን ይፈታል።

ስለ ማሳደድ ሕጉ አጭር ይሁን፦ ከሦስት መኪና በላይ አይከተልም፤ የዘራፊውን መኪና ከኋላ ጎኑ ገፍቶ ማዞር በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ አይፈቀድም፤ ሳጅኑ «አቁሙ» ሲል ይቆማል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት የወረደ ሰው ጠመዝማዛ ላይ ፍሬን ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል፤ ያው ሰው ግን ኪቦርድ ሲይዝ ይረሳዋል። መኪናው ገደል ቢገባም እርሱ የማይቧጨር ተጫዋች ሞትን ካልፈራ ትዕይንቱ ሐሰት ይሆናል፤ ፖሊሱም የሚፈራ ሰው ሆኖ መጫወት ግዴታው ነው።

ከስሕተቶቼ ሁሉ የከፋው የባንክ ዘረፋ ላይ የሠራሁት ነው። አራት ልጆች ፍሊካ ባንክ ገብተው አንድ ታጋች ይዘው ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ስምንት ፖሊስ ስለነበረኝ በቁጥር በልጬ ቆምኩና፣ ተደራዳሪ ሳልልክ ከኋላ በር አስገብቼ ሁሉንም አስመታኋቸው። በ40 ሰከንድ አለቀ፤ ፖሊሶቼም በደስታ ጮኹ። ማታውኑ ከዘራፊዎቹ አንዱ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ወንድም ጋሼ፣ ሁለት ሳምንት ነው ያዘጋጀነው። ታጋቹ የአክስቴ ልጅ ነው፣ ለእርሱም የሚናገረው ነገር ጽፌለት ነበር።» መልስ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ በመምሪያችን ታጋች ባለበት ቦታ ሁሉ ቢያንስ 10 ደቂቃ ድርድር ሳይደረግ ተኩስ አይከፈትም፤ ተደራዳሪውም በዚያ ሰዓት ካሉት ሁሉ ከፍተኛ ማዕረግ ያለው ሳይሆን የተሻለ የሚያወራው ነው። ዘራፊው የሚጠይቀው ነገር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ መኪና፣ ነጻ መንገድ፣ ታጋቹን በርቀት መልቀቅ። ጥሩ ተደራዳሪ ነጻውን መንገድና የጎማ መውጊያ ሾህ አለመዘርጋትን ሰጥቶ በታጋቹ መለቀቅ ይለዋወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማሳደድ ለሁለቱም ወገን የምሽቱ ምርጥ ሰዓት ይሆናል። ፖሊሱ ከተሸነፈ ይሸነፍ፤ ከምሽቱ ዘረፋዎች ግማሽ ያህሉ ቢሳካ መምሪያው ደካማ ነው አልልም።

እስር ላይ ደግሞ የሰው ጊዜ አለ። በአሜሪካ ፖሊስ የያዘውን ሰው ከመመርመሩ በፊት መብቱን እንዲነግረው የሚያስገድደው የእ.ኤ.አ. 1966ቱ የሚራንዳ ውሳኔ በመሆኑ፣ የሎስ ሳንቶስ ፖሊስም ይህንኑ ይላል። በአማርኛ ስንጫወት ከሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 ጋር የሚቀራረብ አነጋገር አዘጋጅተናል፦ «ላለመናገር መብት አለዎት፤ የሚሰጡት ቃል ግን በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብዎ ይችላል።» በዚሁ አንቀጽ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። በጂቲኤ 5 አንድ ሙሉ ቀን 48 ደቂቃ ስለሆነ የ48 ሰዓቱ ገደብ በእኛ ሰዓት 96 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህንን ቃል በቃል ልተርጉም ብሎ ለተነሣ አንድ ኢንስፔክተር፣ በካርድ ዳታ የገባ ልጅ 96 ደቂቃ ግድግዳ ሲያይ እንደማያመሽ ማስረዳት ነበረብኝ። ለማንኛውም ወንጀል ከ15 ደቂቃ በላይ አናስርም፤ ከባድ የሆነው በገንዘብና በመኪና መውረስ ይካካሳል። ምርመራው ራሱ ግን ሊረዝም ይችላል፤ ታሳሪው እያወራ እስከሆነ ድረስ እየተጫወተ ነውና።

ፖሊስን ከሁሉ የሚፈትነው ገጸ ባሕርዩ ሊያውቀው የማይችለውን ነገር መጠቀም፣ ተጫዋቾች ሜታጌሚንግ የሚሉት ነው። እኛ ዘንድ ጉዳዩ የሚከፋበት ምክንያት አለ፤ ዘራፊውና ፖሊሱ በአንድ ጌም ቤት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንገት ማስገግ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ የአንድ ጌም ቤት ልጆች በአንድ ምሽት በተቃራኒ ወገን አይሰለፉም፤ ካልሆነም ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ። ይህን ያፈረሰ ፖሊስ በመጀመሪያው ለአንድ ሳምንት ባጁን ያስረክባል፣ በሁለተኛው ይሰናበታል፤ የአዛዡ ጓደኛ ቢሆንም። በተለይ የአዛዡ ጓደኛ ከሆነ።

ስሞታ ሲመጣ አድሚኑን (የሰርቨሩን አስተዳዳሪ) ከመጥራት በፊት ሁለቱን ወገን ማገናኘት ይገባል። በወሎ ደም የተቃቡትን የሚያስታርቀው አበጋር የሚደመጠው ሁለቱም ወገኖች ስለሚያከብሩት ነው፤ የመምሪያ አዛዥ ግን የአንዱ ወገን አለቃ በመሆኑ በራሱ ፖሊስ ጉዳይ ዳኛ መሆን አይችልም። በእኛ ሰርቨር ይህ ሥራ ፖሊስም ዘራፊም ላልሆነው፣ የሐኪም ገጸ ባሕርይ ለያዘ አንድ ተጫዋች ተሰጠ። ደሴ ያለነው ደግሞ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ እንገናኛለን፤ በአቦሉ ከሳሹ ያወራል፣ በቶናው ተከሳሹ ይመልሳል፣ በበረካው የተቀረጸው ክሊፕ ይታያል። ቅደም ተከተሉ ሆን ተብሎ ነው፤ ክሊፑ መጀመሪያ ከታየ ማንም ማንንም አይሰማም።

የተራ ድልድል ላይ ብዙ የምለው የለኝም። በረመዳን ሥራ የሚጀመረው ከተራዊሕ በኋላ ነው፤ በፈተና ወቅት ግማሹ መምሪያ ይጠፋል፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ደሴ ያለው ሁሉ በአንዴ ይጠፋል። ስለዚህ ሰዎቹ ሁሉ ከአንድ ከተማ የሆኑበት ተራ አይመደብም።

ሌላው አዛዡ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሊያዘጋጀው የሚገባው የራሱ መሰናበቻ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው አዛዥ ሥራ ይዞ ከከተማ ሲወጣ ሁላችንም የምንገናኝበት የዲስኮርድ ቡድን ባለቤትነት በእርሱ ስልክ ላይ ብቻ ነበር፤ የ60 ሰው የሥልጠና መዝገብ፣ የእስር ፋይሉ፣ የሬዲዮ ሕጉ ሁሉ አብሮት ሄደ፤ እኛም ሁሉንም ከትዝታ ጻፍነው። አሁን ባለቤትነቱ ደሴ ካለ አንድ ሰው፣ ሙሉ ሥልጣኑ ደግሞ ወልድያ ካለ ሌላ ሰው ጋር ነው፤ የመዝገቡ ቅጂ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ፍላሽ ላይ ተገልብጦ ጌም ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። የመሳቢያውን ቁልፍ የያዙት የቤቱ ባለቤት እትዬ ሲሆኑ፣ ፖሊስ መሆናችንን እስከ ዛሬ አያምኑም።