«ኃይል» በሚለው ቃል ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ስህተቱ ከፊደሉ ይጀምራል፦ ሀይል፣ ሃይል፣ ሐይል፣ ኃይል። የግእዙ ግሥ «ኀየለ» በረታ፣ ጠነከረ ማለት ነው፤ ስሙም በብዙኃኑ ኀ «ኀይል» ተብሎ ይጻፋል። በአማርኛ ኀ እና ኃ ሲነበቡ ስለማይለያዩ ዛሬ የተለመደው «ኃይል» ነው፤ ሁለቱም ያስኬዳሉ። ሃሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ ግን ቃሉን ከሥሩ ይነጥሉታል። ለሚተይብ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ሰነድ ውስጥ «ሃይል» ብሎ የፈለገ «ኃይል»ን ላያገኝ ይችላል። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው በእሱ መዝለቅ ነው።

ከዕብራይስጥ የተወሰደ ነው የሚሉም አሉ። አይደለም፤ እኅትማማች ቋንቋዎች የሚጋሩት ቃል ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን «ሔይል ሃአቪር» ሲባል የሚሰሙት ያው «አየር ኃይል» ነው። በግእዝም ቃሉ ሠራዊትን ይጨምራል፤ «አምላከ ኀያላን» የሠራዊት አምላክ ነው።

ኃያልና ኃይለኛ አይምታቱ። «ኃያላን መንግሥታት» በአቅም የገዘፉት ናቸው። «መምህሩ ኃይለኛ ነው» ያለ ተማሪ ግን ስለ ቁጣው እንጂ ስለ ክንዱ እያወራ አይደለም። «ኃይለ ቃል» ደግሞ የባሰ ያሳስታል። ሰባኪ «የዕለቱ ኃይለ ቃል» ሲል ስብከቱ የሚቆምበትን ጥቅስ ማለቱ ነው፤ ጎረቤት «ኃይለ ቃል ተናገረችኝ» ካለች ግን ነገር አለ፣ ሽማግሌ ሳያስፈልግ አይቀርም።

በስም ላይ «ኃይለ» ብቻውን አይቆምም፤ የሚዛረፈውን፣ ማለትም «የማን ኃይል» ለሚለው መልስ የሚሆን ስም ይፈልጋል። ኃይለ ሥላሴ ማለት የሥላሴ ኃይል ነው። ውጭ አገር ቅጽ ሲሞላ ስሙ ለሁለት ይከፈልና ባለቤቱ «ሚስተር ሥላሴ» ሆኖ ይቀራል። ሁለቱን ገጥሞ በአንድ ሳጥን መጻፍ ነው። «ኃይሌ» ግን ሙሉ ቃል ነው፤ «የእኔ ኃይል» ማለት ነው።

በመብራት ጉዳይ ደግሞ ኪሎዋትና ኪሎዋት ሰዓት ሁለቱም «ኃይል» ስለሚባሉ ሒሳብ ይበላሻል። ኪሎዋት ዕቃው በአንድ አፍታ የሚስበው ነው፤ ቆጣሪው የሚመዘግበው ግን ኪሎዋት ሰዓትን ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ 2 ሰዓት ሳይቋረጥ ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ለሞተር «የፈረስ ጉልበት» ከተባለም መለኪያው ከኪሎዋት ጋር አንድ ወገን ነው፤ 1 የፈረስ ጉልበት ወደ 746 ዋት ይሆናል።