የዓለም ታሪክን ከጣና ዳር ተነሥቶ እንዴት ማስተማር ይቻላል?

በባሕር ዳርና በአካባቢዋ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የዓለም ታሪክ የሚያስተምር መምህር ዋና ፈተናው የይዘቱ ብዛት ነው። ከጥንታዊት ግብፅ እስከ ቀዝቃዛው ጦርነት ያለውን ሁሉ በእኩል ጊዜ ለማዳረስ ከተሞከረ በተማሪው ደብተር ላይ ስምና ዓመት ብቻ ይቀራል። ስለዚህ መንፈቀ ዓመቱ ሳይጀመር በጥልቀት የሚያስተምሯቸውን ሦስት ወይም አራት ምዕራፎች ይምረጡ፤ ሌሎቹን በአጭሩ ይለፏቸው። ለጣና ዳር ተማሪ 16ኛውና 17ኛው ክፍለ ዘመን ከሁሉ የተሻለ መነሻ ነው፤ ያን ጊዜ የዓለም ፖለቲካ እስከ ሐይቁ ድረስ መጥቶ ነበርና። (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የመጀመሪያውን ትምህርት በጥያቄ ይክፈቱ፦ በ1541 ምጽዋ ላይ የወረዱት 400 ያህል ጠመንጃ ያነገቱ የፖርቱጋል ወታደሮች ምን ፈልገው መጡ? መሪያቸው ክሪስቶቫው ዳ ጋማ፣ በ1498 አፍሪካን ዞሮ ሕንድ የደረሰው የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ነበር። መልሱን ፍለጋ ተማሪዎቹ በአንድ በኩል ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የቅመማ ቅመም ንግድ፣ በሌላ በኩል በ1517 ግብፅን ይዘው ወደ ቀይ ባሕር ወደተስፋፉት ኦቶማኖች ይደርሳሉ። ኢማም አሕመድ ከኦቶማኖች፣ አፄ ገላውዴዎስ ከፖርቱጋሎች ጠመንጃና ወታደር አግኝተው የተጋጠሙበት ጦርነት በ1543 ከጣና በስተምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ ተደመደመ። ሊዝቦንን፣ በሕንድ የፖርቱጋሎች ማዕከል የነበረችውን ጎዋን፣ ኢስታንቡልን፣ ምጽዋንና ጣናን የሚያገናኘውን ካርታ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሣሉት። በዚህ ትምህርት ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ክርስቲያንና ሙስሊም ተማሪ አንድ ወንበር ላይ በሚቀመጡበት ክፍል ጉዳዩን የሃይማኖት ፉክክር ብቻ አድርጎ ማቅረብ ታሪኩንም ክፍሉንም ይጎዳል።

ቀጥሎ ንጽጽር ያስገቡ። በ1603 ኢትዮጵያ የገባው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ማኅበር የሆነው የኢየሱሳውያን አባል) ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ የአፄ ሱስንዮስን እምነት አግኝቶ በ1622 በጎርጎራ ሞተ፤ ንጉሡ ካቶሊክ መሆናቸው ያስነሣው አመፅ ግን በ1632 ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ እስከ መልቀቅ አደረሳቸው፤ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። ጃፓንም በ1614 ሚስዮናውያንን ከልክላ በ1639 ፖርቱጋሎችን አስወጥታለች። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው የሁለቱን መንግሥታት ስጋት ያወዳድሩ፤ ምን ያመሳስለዋል፣ ምንስ ይለየዋል? መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ክርክሩ በአማርኛ ይሁን፤ ሐሳቡ ከጠራ በኋላ በእንግሊዝኛ መጻፍ ይቀላል።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር በአንድ ክፍለ ጊዜ ይጨርሱት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከፈረንጆቹ ዓመት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይቀነሳል፤ ስለዚህ የካቲት 1543 በእኛ 1535 ዓ.ም. ነው።

ምንጭ መመርመርን ለማለማመድ የሱስንዮስ ዜና መዋዕልና የኢየሱሳውያን ጽሑፎች ጥሩ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ በግዕዝ ለቤተ መንግሥት፣ ሌሎቹ በአብዛኛው በአውሮፓ ላሉ አለቆችና አንባቢዎች ተጽፈዋል። ከሁለቱም አጭር አንቀጽ ተርጉመው ያባዙና «ማን ለማን ጻፈው? ምን ዘለለ?» ብለው ይጠይቁ።

የጉብኝት ቦታ ሲመርጡ ሴት ተማሪዎችን ያስቡ። በጣና ደሴት ላይ ወዳለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች አይገቡም፤ በዘጌ የሚገኘው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ነው። በጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ያለውን፣ ሰዉ የፖርቱጋል ድልድይ የሚለውን የአላታ ድልድይም ማሳየት ይቻላል።

ለፈተና ዓመትን ብቻ የሚጠይቁ ምርጫዎችን ይቀንሱ። በምትካቸው ተማሪው ያላየውን ካርታ ወይም አንቀጽ ሰጥተው የአንድን ክስተት ሁለት ምክንያቶች፣ አንዱን ከአገር ውስጥ ሌላውን ከውጭ፣ በማስረጃ እንዲያብራራ ይጠይቁ፤ ነጥቡንም ለማስረጃው እንጂ ለመልሱ ርዝመት አይስጡ።