አሮጌ ኤንትሬ ሊገዙ ሲሄዱ ማግኔት ይያዙ

በሰበታ፣ በገላን ወይም በቡራዩ ግቢ ውስጥ ቆሞ የከረመ ፊያት 682 ኤንትሬ የጭነት መኪና ገዝቶ ለማደስ የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት ሊጠነቀቀው የሚገባው አዲስ ቀለም ነው፤ ዝገት የበላው ላሜራ በስቱኮ (ደርቆ በሚጠነክር መሙያ) ተሞልቶ ከተቀባ በዓይን አይለይምና። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በጋቢናው ላይ ቀስ አድርገው ያንሸራትቱት። ማግኔት ብረትን እንጂ ስቱኮን ስለማይስብ፣ ጤነኛው ላሜራ ላይ ጥብቅ ብሎ የነበረው ማግኔት ስቱኮው በወፈረበት ቦታ ይላላል፣ አንዳንዴም ይወድቃል። በተለይ የበሩን የታችኛውን ጠርዝ፣ የመርገጫውን ዙሪያና የፊት መስተዋቱን ከያዘው ጎማ ሥር ያለውን ላሜራ ሳይቸኩሉ ይዳስሱ፤ ውሃ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። በር ላይ ትንሽ ስቱኮ መገኘቱ ግዢውን አያስቀርም፤ የመስተዋቱ ሥር ከሆነ ግን፣ ቅርጹን መልሶ ማውጣት ብዙ የላሜራ ሥራ ስለሚጠይቅ፣ ሻጩ ዋጋ ካልቀነሰ ባይገዙት እመክራለሁ።

ይህ ዘዴ በአሉሚኒየምና በፋይበር ላይ አይሠራም። ጋቢናውንና ጭነቱን ስለሚሸከመው የብረት አካል፣ ስለ ሻንሲውም የሚነግረን ነገር ስለሌለ፣ እሱን በትንሽ መዶሻ እየመቱ ድምፁን ማዳመጥና ብየዳ ያረፈበትን ቦታ በእጅ ባትሪ ማየት ያስፈልጋል።