ሐዋሳ ላይ ባሏን ለምታስታምም ሚስት፦ ድጋፍ የምናገኘው ከየት ነው?

ቁርጡን መጀመሪያ ልንገራችሁ። እኛ አገር «አስታማሚ» ተብሎ በወር የሚከፈል አበል የለም። ባልሽን አገላብጠሽ፣ አጥበሽ፣ አጉርሰሽ ስታድሪ ላንቺ ለድካምሽ ብሎ ገንዘብ የሚቆርጥ መሥሪያ ቤት የትም አታገኚም። ባሌ ሥራ ላይ ወድቆ አልጋ ላይ ሲውል፣ እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ወር ሙሉ «ሥራ ትቼ ነው የማስታምመው» እያልኩ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትኩ። አንድ መዝገብ ቤት ያሉ እናት ናቸው መጨረሻ ላይ ያዘኑልኝ። «ልጄ፣ ስላንቺ ማውራቱን ተዪው። የሱን ፋይል ክፈቺ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ መንቀሳቀስ የጀመረው።

ስለዚህ የሚጠየቀው ሁሉ በታማሚው ስም ነው። እናንተ ወኪል ናችሁ። ሚስት ብትሆኑም ባል፣ መንገዱ አንድ ነው።

ከወረቀት እንጀምር። የሱ መታወቂያ፣ የናንተ መታወቂያ፣ ፋይዳ ካላችሁ ፋይዳ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የሆስፒታል ካርድና ማጠቃለያ። ሁሉንም ዘርግታችሁ ስሙን ፊደል በፊደል አስተያዩት። እየቀለድኩ አይደለም። የባሌ የአያቱ ስም መታወቂያው ላይ በ«ፀ»፣ የቅጥር ደብዳቤው ላይ በ«ጸ»፣ የሆስፒታሉ ካርድ ላይ ደግሞ በ«ሰ» ነበር የተጻፈው። እኛ ስንጠራው አንድ ሰው ነው፣ ለቢሮው ግን ሦስት ሰው ሆነ። ሦስቱም አንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ እስካመጣ ድረስ ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ከረመ። እናንተ ፋይሉ ከመግባቱ በፊት አስተካክሉት። የቀበሌ ደብዳቤ በሲዳምኛ ተጽፎ ከተሰጣችሁና የምትወስዱበት ቢሮ በአማርኛ የሚሠራ ከሆነ፣ ትርጉም ይፈለግ እንደሆነ እዚያው ጠይቁ። ከእያንዳንዱ ወረቀት ሦስት ሦስት ኮፒ ያዙ፣ ኦሪጅናሉን ለማንም ጥላችሁ አትሂዱ።

ቀጥሎ ውክልና። እሱ መናገርና ፈቃዱን መግለጽ ከቻለ ውልና ማስረጃ ሄዶ ይወክላችኋል። ባጃጅ ኮንትራት ይዛችሁ፣ ዊልቸሩን ከኋላ አጣጥፋችሁም ቢሆን ይህን ቀን አሳልፉት። ፈቃዱን መግለጽ የማይችል ከሆነ ግን ውክልና አይሠራም። መንገዱ ፍርድ ቤት ሄዶ በሕግ የሚወክለውን ሰው ማስወሰን ነው። ረጅም ነው፣ ስለዚህ ቶሎ ጀምሩት።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ጉዳቱ የደረሰው ሥራ ላይ ነው ወይስ ከሥራ ውጪ? መልሱ መንገዱን ለሁለት ይከፍለዋል።

ሥራ ላይ ከሆነና ተቀጣሪነቱ የግል ድርጅት ውስጥ ከነበረ፣ መጀመሪያ የምትሄዱት አሠሪው ጋ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ በየጊዜው የሚከፈለውን ደንግጓል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ጉዳዩ ተራ ሕመም ከሆነ ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ሁለቱ ወራት ግማሽ፣ ቀሪዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። «የሕመም ፈቃድ ሞልተሽ ፈርሚለት» ሲሏችሁ ቆም በሉ። ሥራ ላይ የወደቀን ሰው በሕመም ፈቃድ ካስመዘገባችሁት ልዩነቱ የደመወዝ ብቻ አይደለም፣ ወደ ጡረታው ሲደረስም ይከተላችኋል። እኛን ሊያስፈርሙን ሞክረው ነበር። ያዳነን አብሮት ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። «ከእንጨት መሰላሉ ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ» ብሎ በቀኑ ጽፎ ፈረመልኝ። አንድ ገጽ የማይሞላ ወረቀት ነው፣ ግን ከሁሉ የጠቀመን እሱ ነው። የምስክሮችን ቃል ሰው ሥራ ሳይቀይር፣ ከተማ ሳይለቅ ቶሎ ያዙ። ያልተከፈለ ደመወዝ ካለም አትቆዩ፣ እንዲህ ያለ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ውድቅ ይሆናል።

ከዚያ ጡረታ። የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆነ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር፣ የመንግሥት ከሆነ የመንግሥት ሠራተኞቹ ነው የሚያየው። ሰው «ጡረታ» ሲባል ሽማግሌ ብቻ ይመስለዋል። የ34 ዓመት ሰውም ይጦራል። ከደመወዙ 7 በመቶ እየተቆረጠ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ እየጨመረ የቆየው ለዚህም ነው። የደመወዝ ወረቀቱን አውጡና ተቆርጦ ከሆነ እዩ፤ ከዚያ የጡረታ መለያ ቁጥሩን ይዛችሁ በትክክል ገቢ መደረጉን ጠይቁ። አንዳንዱ አሠሪ ይቆርጣል፣ ማስገባቱን ግን ይረሳል። «ይረሳል» ያልኩት በጨዋነት ነው።

ጉዳቱ ከሥራ የመጣ ከሆነና መሥራት ጨርሶ ካልቻለ፣ የጉዳት ጡረታ አበል ከመጎዳቱ በፊት ያገኝ ከነበረው ወርሃዊ ደመወዝ 47 በመቶ ነው። ደመወዙ 6,000 ብር ከነበረ በወር 2,820 ብር ማለት ነው። ቤት ኪራይ አይሸፍንም፣ አውቃለሁ። ግን በየወሩ የሚመጣ ነው። ከሥራ ውጪ በመጣ ሕመም ሥራ ያቆመ ሰው ግን ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል አለበት፣ ያን ጊዜ የጤና ጉድለት ጡረታ ያገኛል። 10 ዓመት ካልሞላ የሚሰጠው አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው። ልዩነቱ ይታያችኋል? ለዚህ ነው ያቺን የምስክር ወረቀት አትጣሏት የምለው።

ሁለቱንም የሚወስነው የሕክምና ቦርድ፣ ማለትም ጉዳቱን አይተው የሚወስኑ ሐኪሞች፣ የሚሰጠው ማስረጃ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በሽተኛውን ይዞ ዝም ብሎ ሆስፒታል ይሄዳል፣ «ደብዳቤ አምጡ» ተብሎ ይመለሳል። ቦርድ እንዲያየው የሚጠይቅ ደብዳቤ ከአሠሪው ወይም ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቀድማችሁ አጽፉ። ደብዳቤው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም መኖሩን እዩ። ከዚያ ቦርዱ የሚቀመጥበትን ቀን ጠይቃችሁ ሂዱ። በማለዳ ውጡ፣ ትርፍ ልብስ፣ ዳይፐር፣ ውኃና የሚቀመስ ነገር ያዙ። እኛ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ኮሪደር ላይ ተሰልፈን የገባነው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የሽንት ቦርሳው ሞልቶ ነበር፣ እሱ ደግሞ ሰው ፊት አልቀይርም ብሎ ተቆጣ። በነጠላዬ ከልዬ ቀየርኩለት። ውስጥ ሲገቡ ጀግና መሆን አያስፈልግም። ወንድ ልጅ ሐኪም ፊት «ደህና ነኝ» ማለት ይወዳል። የኔው «ትንሽ ትንሽ እንቀሳቀሳለሁ» ሲል እግሩን ነካ አደረግኩት፣ ለካ እግሩ አይሰማውም። ስቄ ጨረስኩ። አልጋ ላይ ማን እንደሚያገላብጠው፣ ሽንት ቤት እንዴት እንደሚሄድ እናንተው በግልጽ ተናገሩ። ስትወጡ ወረቀቱን እዚያው አንብቡ፤ የጉዳቱ መጠን በመቶኛ፣ መሥራት ይችላል አይችልም የሚለው፣ ከሥራ የመጣ ነው የሚለው መጻፉን እዩ። ካልተጻፈ በሩ ላይ ሳላችሁ ጠይቁ።

ተቀጣሪ ያልነበረስ? ጀብሎ፣ ደላላ፣ የቀን ሠራተኛ? ጡረታ የለውም። የሱ በር ቀበሌ ነው። ሐዋሳ በ2009 የከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጠው ድጋፍ፣ ሲጀመር ከገቡት 11 ከተሞች አንዷ ናት። ሴፍቲኔት ሁለት ዓይነት ድጋፍ አለው፤ አንዱ የሚሠሩበት፣ ሌላው ቀጥታ ድጋፍ፣ ማለትም መሥራት ለማይችሉ ሥራ ሳይጠየቅ የሚሰጥ። ወጥመዱ ምን መሰላችሁ? ኮሚቴው ቤታችሁ መጥቶ እናንተን ቆማችሁ ሲያይ «መሥራት የምትችል አለች» ይላል። አልጋው ያለበት ክፍል አስገቡት። በቀን ስንት ጊዜ እንደምታገላብጡት፣ ብቻውን ስንት ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል ንገሩትና ቅጹ ላይ እንዲሰፍር ጠይቁ። ስም ዝርዝር ሲለጠፍ ሄዳችሁ አንብቡ። ከሌላችሁበት ቅሬታ በጽሑፍ አስገቡ፣ በቃል ያለቀሱት ፋይል ውስጥ አይገባም።

እግረ መንገዳችሁን ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ጠይቁ። መክፈል ለማይችል ቤተሰብ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል፣ ግን በድሃ ድሃ ዝርዝር ውስጥ መግባት አለባችሁ። ካርዱ ከተያዘ በኋላ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በሪፈር ውጡ። ቀጥታ ሆስፒታል ብትሄዱ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። ዕድራችሁንም አትርሱ፣ ለሞት ብቻ ነው ብላችሁ አትተዉት። የኛ ዕድር ዳኛ ሲነገራቸው ከአባላት አሰባስበው ዊልቸሩን የገዙልን እነሱ ናቸው።

ጡረታው ሲፈቀድ ገንዘቡ በሱ ስም ባንክ ይገባል። እዚህ ላይ ነው እኔ የመጨረሻዋን ቅጣት የከፈልኩት። ውክልናዬ «ጉዳዩን እንድታስፈጽም» ይላል እንጂ «ከባንክ ገንዘብ እንድታወጣ» አይልም። ገንዘብ ከፋዩ መስኮቱ ውስጥ ሆኖ ወረቀቱን ሁለቴ አንብቦ መለሰልኝ። እንደገና ባጃጅ፣ እንደገና ዊልቸር፣ እንደገና ውልና ማስረጃ። እናንተ ገና ከመጀመሪያው ስታስጽፉ የባንክ ሒሳብ መክፈትን፣ ገንዘብ ማስገባትና ማውጣትን በስሙ ጠርታችሁ አስገቡት።